ካቶሊኩ የኮንጎ ንጉሥ ከፕሮቴስታንት ሆላንዳውያን ጋር ለምን ተሰለፈ?

የታሪክ ማኅደር፦

ስለ አውሮፓ የሃይማኖት ተሃድሶ የሚጻፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሉተር፣ ካልቪን፣ ሄንሪ 8ኛ፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት፣ ከዚያ ሰላም። አፍሪካ ብትጠቀስም ዳር ቆማ የምትመለከት ወይም ዝም ብላ የምትበደል ሆና ነው። ይህ አጻጻፍ ያናድደኛል። የዘመኑ የአፍሪካ ነገሥታት አውሮፓውያን እርስ በርስ መጣላታቸውን ያውቁ ነበር፤ ማወቅ ብቻም ሳይሆን ተጠቅመውበታል። የማነሣው ምሳሌ ዛሬ በአብዛኛው በሰሜን አንጎላ የሚገኘውን የጥንቱን የኮንጎ መንግሥት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮንጎ ንጉሥ ንዚንጋ አ ንኩዉ በ1491 ተጠምቆ ጆአዎ ተባለ። ክርስትናውን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረገው ግን ልጁ ቀዳማዊ አፎንሶ ነው። አፎንሶ ማንበብና መጻፍ የሚወድ፣ ትምህርት ቤት የከፈተ፣ ለፖርቱጋል ነገሥታት በተከታታይ ደብዳቤ የጻፈ ንጉሥ ነበር። ልጁን ሄንሪኬን ሊዝበን ልኮ አስተማረው። ሉተር ተቃውሞውን ያሰማው በጥቅምት 1517 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በ1518 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 10ኛ የኮንጎውን ልዑል ለጵጵስና መረጡት። በ1521 ሉተርን ያወገዙት እኚሁ ሊዮ ናቸው። ጳጳስ ሄንሪኬ ወደ አገሩ የተመለሰውም በዚሁ በ1521 ነው። ጀርመን ከሮም ስትለይ ኮንጎ የራሷን ጳጳስ እየተቀበለች ነበር ማለት ነው። ይህን በየትኛው የመማሪያ መጽሐፍ አንብበናል?

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በ1580 የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ የፖርቱጋልን ዘውድ ደርቦ ያዘ። በዚያው ዘመን ካልቪናውያኑ ሆላንዳውያን በፊሊፕ ላይ ዐምፀው ነበር። ፖርቱጋል ሳትወድ የዚያ ጦርነት ተካፋይ ሆነች፤ የሆላንድ መርከቦችም የፖርቱጋልን ይዞታ በእስያ፣ በብራዚልና በአፍሪካ ማጥቃት ጀመሩ። በአምስተርዳምና በማድሪድ መካከል የተጀመረው ጠብ በዚህ መንገድ ሉዋንዳ ደረሰ።

ሉዋንዳ በ1575 የተቆረቆረች የፖርቱጋሎች ምሽግ ናት። ባሪያ የሚያሳድዱ ገዥዎቿ የኮንጎን ግዛት ይተነኩሱ ነበር፤ በ1622 ጭራሽ ጦር ይዘው ገቡ፤ ምቡምቢ ላይም የኮንጎን መኳንንት ፈጁ። የኮንጎው ንጉሥ ዳግማዊ ፔድሮ ጦሩን ሰብስቦ በ1623 መጀመሪያ አሸነፋቸው። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ነው የሚደንቀኝ፦ ለሆላንድ መንግሥት ደብዳቤ ጻፈ። እናንተ በባሕር ኑ፣ እኔ በየብስ እመጣለሁ፣ ሉዋንዳን አብረን እንያዝ፤ ወጪውን በወርቅ፣ በብርና በዝሆን ጥርስ እከፍላለሁ የሚል ነበር። ካቶሊክ ንጉሥ ለካልቪናውያን! የሆላንድ መርከቦች በ1624 ሲደርሱ ፔድሮ ሞቶ ስለነበር ውጥኑ ቀረ። ከ17 ዓመት በኋላ ግን በነሐሴ 1641 ሆላንዳውያን ሉዋንዳን ያዙ፤ በዚያው ዓመት የነገሠው ዳግማዊ ጋርሲያም ወዲያው ተባባሪያቸው ሆነ።

ልብ የምትሉት እዚህ ላይ ነው። ሆላንዳውያኑ ሰባኪዎቻቸውን ሊያስገቡ ሲፈልጉ ጋርሲያ እምቢ አለ። መድፋችሁ ይግባ፣ ሃይማኖታችሁ ይቅር እንደማለት ነው። ባሕር ላይ ከመናፍቃን ጋር ተስማምቶ ሳለ ምድሩ ላይ ቅዳሴው አልተነካም፤ በ1645ም ከሮም የተላኩ ካፑቺን መነኮሳትን በክብር ተቀበለ። ሮምን በሊዝበን ላይ፣ አምስተርዳምን በሉዋንዳ ላይ ነው ያሰለፈው። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ እንዲህ በጥንቃቄ የተጓዙ ነገሥታት ስንት ናቸው?

ጠያቂው፦

ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን አለፍከው። ሆላንዳውያኑ ሉዋንዳን የያዙት ለብራዚል የሸንኮራ አገዳ እርሻቸው ባሪያ ለማግኘት ነው። የኮንጎ ነገሥታትም ምርኮኛ ይሸጡ ነበር። ብልህ ዲፕሎማሲ ብለን ስናወድስ የተሸጠው ሰው የት ሄደ?

የታሪክ ማኅደር፦

ትክክል ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። ሆላንዳውያን ከ1630 ጀምሮ በብራዚል ፔርናምቡኮን ይዘው ነበር፤ ያለ አንጎላ ባሪያ እርሻው እንደማይንቀሳቀስ ተናግረውታል። ጋርሲያም ይህን እያወቀ ነው የተባበራቸው። ኮንጎ ከመጀመሪያው በጦርነት የማረከችውን ትሸጥ ነበር። ነገሥታቱ የተቃወሙት ንግዱ ከእጃቸው ወጥቶ የራሳቸውን ዜጋ መብላት ሲጀምር ነው።

የአፎንሶን የ1526 ደብዳቤ ያነበበ ይህንን በግልጽ ያያል። ነጋዴዎቹ የአገሩን ልጆች፣ የመኳንንቱን ልጆች፣ የራሱን ዘመዶች ሳይቀር እያፈኑ እንደሚሸጡና አገሩ ባዶ እየሆነ እንደሆነ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለዮሐንስ 3ኛ ይጽፋል። ከፖርቱጋል የምንፈልገው ካህናትና ጥቂት መምህራን፣ ለቅዱስ ቁርባንም የሚሆን ወይንና ዱቄት ብቻ ነው ይላል። ንግዱን ግን ማቆም አልቻለም፤ በዚያው ዓመት ያደረገው የሚሸጠው ሰው በእርግጥ ምርኮኛ መሆኑን የሚያጣሩ ሦስት ሹማምንት መሾም ነው። ደብዳቤውን ሳነበው ልቤ ይሰበራል። ወይንና ዱቄት የሚለምን ንጉሥና ሰው የሚጭን መርከብ በአንድ ወደብ!

ዘደብረ ታቦር፦

ከአንተ ጋር የማልስማማበት ነጥብ አለኝ። የአውሮፓ መከፋፈል ለአፍሪካ ነገሥታት በር ከፈተ ትላለህ። ለኮንጎ ይሁን፤ ለእኛ ግን እሳት ነው ያመጣው።

የኢየሱሳውያን ማኅበር በ1540 ጸደቀ፤ ከሥራዎቹም ፕሮቴስታንትን መመከትና ከሮም የራቀውን መመለስ ይገኙበት ነበር። አውሮፓ ውስጥ የሳክሶኒንና የእንግሊዝን ሕዝብ ያጡ ሰዎች ኢትዮጵያን ለማካካሻነት ማየት ጀመሩ። መሥራቹ ኢግናጥዮስ ራሳቸው በ1555 ለአፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፈዋል። ገላውዴዎስ የእስክንድርያን እምነቱን፣ ግዝረትንና የቅዳሜን ማክበር ጭምር፣ አንድ በአንድ አብራርቶ መልስ ሰጠ። ጉዳዩ እዚያ ማብቃት ነበረበት።

በ1603 የገባው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ቋንቋ ተማረ፣ አስተማረ፣ አልቸኮለም። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ያወጀው በፓኤዝ አግባቢነት ነው። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በእርሱ ቦታ በ1625 ከሮም ፓትርያርክ ሆኖ የተሾመው አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ፤ በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡ በአደባባይ ለሮም ታማኝነቱን ማለ። ከዚያ የሆነውን አስቡት፦ ካህናቱ ክህነታችሁ አጠራጣሪ ነው ተብለው እንደገና እንዲሾሙ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ግዝረት እንዲቀር፣ ቅዳሜ እንዲሻር፣ ጾሙና በዓሉ በሮም አቆጣጠር እንዲሆን ታዘዘ። ከሺህ ዓመት በላይ የተጠመቀ ሕዝብ ክርስቲያን አይደለህም ተባለ! ከዚያ በፊትም በ1617 አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዮልዮስ ዐምፀው ጦር ሜዳ ላይ ወድቀዋል። በኋላ ላስታ ተነሣ። በ1632 በተደረገው የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ የሞተው ሰው ወደ ስምንት ሺህ ይገመታል። ድሉ የንጉሡ ነበር። ሬሳውን ሲያዩ ግን እነዚህ አረማውያን አይደሉም፣ ክርስቲያኖች፣ ወንድሞቻችን ናቸው አሉት ይባላል። ቤተ መንግሥት ተመልሶ አዋጁን አስነገረ፤ ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ ተባለ። ይህ ነው የአውሮፓ ክርክር ያመጣብን። መድፉን ብቻ ተቀብሎ ሃይማኖቱን ማስቀረት ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም።

ነዋሪ በጀርመን፦

ከምኖርበት ብዙ የማይርቀውን የቪተንበርግን ነገር ልጨምር። በ1534 አባ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ መጥቶ ከማርቲን ሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር በአስተርጓሚ ተነጋግሯል። ስለ ሥላሴና ስለ ቁርባን ያለውን እምነት ጠይቀውት ከእኛ ጋር ይስማማል አሉ። ሉተርም በሐምሌ ወር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠው። ለሉተር ሚካኤል ትልቅ ማስረጃ ነበር፤ ለሮም ሳይገዛ የሐዋርያትን እምነት ይዞ የኖረ ሕዝብ በምድር ላይ አለ ማለት ነውና።

በዚያው ዓመት ሌላ ኢትዮጵያዊ ሊዝበን ውስጥ መከራ ያይ ነበር። የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝበን ደርሶ ዓመታት ታገተ። የፖርቱጋል ሊቃውንት እየመረመሩ በእምነቱ ጠረጠሩት፤ ከቁርባንም ከለከሉት። ከሩቅ አገር እንደ ወንድም መጥቶ ከቤተ ክርስቲያን ማዕድ የተገፋ ካህን እንደሆነ አስቡት። በ1534 የኢትዮጵያን እምነት አብራርቶ ጻፈ፤ እንደ እንግዳ መቀበል ሲገባችሁ ለምን ትፈርዱብናላችሁ የሚል ምሬት አለበት። ፖርቱጋላዊው ዳሚያኦ ደ ጎይስ በላቲን አዘጋጅቶ በ1540 ሉቨን ላይ አሳተመው፤ ፖርቱጋል ውስጥ ወዲያው ታገደ። ጎይስ ራሱ በወጣትነቱ ሉተርን ያገኘ ሰው ነበርና በስተርጅናው የእምነት መርማሪዎች ከሰሱት።

ቪተንበርግ የተቀበለችው ኢትዮጵያዊና ሊዝበን የገፋችው ኢትዮጵያዊ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ሁለቱም የታዩት በአውሮፓውያኑ ጠብ መነጽር ነው።

መምህር ከደሴ፦

ታሪክ አስተምራለሁና ይህ ውይይት ለተማሪዎቼ ይጠቅማል። የታሪክ ማኅደርን አንድ ነገር ልጠይቅ። በኢትዮጵያ ሕዝቡ በካቶሊክነት ላይ ያን ያህል ከተነሣ፣ በኮንጎ ለምን ተቀበለው? ሁለቱም ጋ የገባው ያው የፖርቱጋል ካቶሊክነት አይደለም?

የታሪክ ማኅደር፦

መምህር፣ የጥያቄዎች ሁሉ ጥያቄ ነው ያነሡት። እኔ እንደማየው ልዩነቱ ያለው ሃይማኖቱን ማን አስገባው በሚለው ላይ ነው።

በኮንጎ ክርስትናን ያስፋፉት የአገሩ ሰዎች ናቸው። የአውሮፓ ካህናት ሁልጊዜ ጥቂት ነበሩ፤ በየመንደሩ እየዞሩ የሚያስተምሩት በአፎንሶ ትምህርት ቤቶች የጀመሩት የኮንጎ መምህራን ነበሩ። በ1624 ሊዝበን ላይ የታተመው የትምህርተ ሃይማኖት ትርጉም በኮንጎ ቋንቋ በኪኮንጎም የእነርሱ ሥራ ነው፤ ምንም እንኳ የሚታወቀው በአንድ ኢየሱሳዊ ስም ቢሆን። ስለዚህ አንድ ኮንጎአዊ ገበሬ ክርስትናን የሰማው በራሱ ቋንቋ፣ ከራሱ ወገን ነው። የቀደሙትን ልማዶች ሙሉ በሙሉ እንዲተውም አልተገደደም፤ ብዙው ተዋሕዶ ቀጠለ። የውጭ ካህናት ይህን እያዩ ያጉረመርሙ ነበር፤ ማስቆም ግን አልቻሉም፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያኑ የንጉሡ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ አለች። ገዳሙ፣ ደብሩ፣ ዜማው፣ የድጓው ትምህርት ቤት፣ ከእስክንድርያ የሚመጣው አቡን ሁሉ በቦታው ነው። ሱስንዮስ አዲስ ቤት መሥራት ሳይሆን ሰው የሚኖርበትን ቤት ማፍረስ ነበረበት። የኮንጎ ነገሥታት በሜንዴዝ ዓይነት ሰው እጅ ወድቀው ቢሆን እነርሱም ከሕዝባቸው ጋር በተጣሉ ነበር።

ሌላው ነገር ሮም ናት። የኮንጎ ነገሥታት ከፖርቱጋል ቁጥጥር ለመውጣት ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር በቀጥታ ለመገናኘት ሲታገሉ ኖረዋል። የኮንጎ ዋና ከተማ ሳን ሳልቫዶር በ1596 የራሷ ሀገረ ስብከት ሆነች። አንቶኒዮ ማኑኤል የተባለ መልእክተኛ ብዙ መከራ አልፎ በ1608 መጀመሪያ ሮም ደረሰና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጳውሎስ 5ኛ በአልጋው ሄደው ጎበኙት፤ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸው ሐውልቱ ዛሬም አለ። ሮም የገባ ሁሉ ሄዶ ያየው ዘንድ እመክራለሁ።

ፀሐይ ብርሃን፦

ስለ ነገሥታቱ ብቻ ተወራ። ሴቶቹስ?

ወለተ ጴጥሮስን እናስታውስ። የትልቅ ባለሥልጣን ሚስት ነበረች። ባሏ በአቡነ ስምዖን መገደል እጁ እንዳለበት ስታውቅ ትታው መነኮሰች፤ ሱስንዮስ ፊት ቀርባ ሃይማኖቷን አልለውጥም አለች፤ ወደ ቆላው ምድር ተጋዘች፤ በጣና ዙሪያም የእናቶችንና የአባቶችን ማኅበር አቋቋመች። በ1642 ዐረፈች፤ በ1672 የተጻፈው ገድሏ እስከ ዛሬ ይነበባል። ሊቃውንቱ ሲጨቃጨቁ ምግብና መጠለያ አዘጋጅታ ሕዝቡን የያዘችው እርሷ ናት።

በኮንጎ ደግሞ ኪምፓ ቪታ አለች። በ1665 ንጉሡ አንቶኒዮ በጦርነት ከሞተ በኋላ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ሲታመስ፣ ዋና ከተማዋ ሳን ሳልቫዶር ተዘርፋ ዱር ሆና ሳለ፣ በ1704 አንዲት ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ወጣት ተነሥታ ቅዱስ እንጦንዮስ በእኔ አድሯል አለች። ኢየሱስ የተወለደው እዚሁ ሳን ሳልቫዶር ነው፣ ማርያምም የኮንጎ ልጅ ናት ብላ አስተማረች። ሕዝቡን መርታ ወደ ፈረሰችው ከተማ መለሰች። ነገሥታቱ ያልቻሉትን ነው የሠራችው። ካፑቺኖቹ መናፍቅ ብለው ፈረዱባት፤ በሐምሌ 1706 በእሳት ተቃጠለች።

ሁለቱ ሴቶች የቆሙበት ነገር አንድ አይደለም፤ አንዷ የአባቶቿን እምነት ጠበቀች፣ ሌላዋ አዲስ ነገር አስተማረች። ግን ሁለቱም ከአውሮፓ የመጣ ካህን ማን ክርስቲያን እንደሆነ አይነግረኝም ብለዋል። አንዷን ቤተ ክርስቲያን ቅድስት አለቻት፣ ሌላዋን አመድ አደረጓት። ይህ ልዩነት እንቅልፍ ይነሣኛል።

ዘደብረ ታቦር፦

እህቴ፣ ስለ ወለተ ጴጥሮስ የጻፍሽው ልክ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ወደ ዲፕሎማሲው ስመለስ፣ የጋርሲያን ዓይነት ሥራ በእኛ በኩል የሠራው አፄ ፋሲል ነው። ኢየሱሳውያኑን ካባረረ በኋላ በሩን የዘጋው ከእስላም ጎረቤቶቹ ጋር ተስማምቶ ነው። ከየመን ኢማም ጋር መልእክተኛ ተለዋወጠ፤ የምፅዋንና የሱዋኪንን የቱርክ ሹማምንት የአውሮፓ ካህናት እንዳይገቡ እንዲከለክሉ አደረገ። አያቶቹ ከግራኝ ሠራዊት ለመዳን ፖርቱጋልን ጠርተው ነበር፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የልጅ ልጃቸው ከፖርቱጋል ለመዳን ወደ እስላሞቹ ዞረ።

የአውሮፓ ጠብ ጎንደር ድረስ መከተሉን የሚያሳይ ሌላ ነገርም አለ። ከሉቤክ የመጣ ጴጥሮስ ሃይሊንግ የሚባል ሉተራዊ በፋሲል ቤተ መንግሥት ይኖር ነበር፤ ያስተምርም ነበር። በ1638 አጋታንጌሎስና ካሲያን የተባሉ ሁለት ካፑቺኖች ወደ ጎንደር መጡ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ተሰቀሉ። የካቶሊክ ጸሐፍት ሃይሊንግን በዚህ ይወቅሱታል። አውሮፓ ላይ ሉተራውያንና ካቶሊካውያን በሚተራረዱበት በዚያው ዓመት እነዚያው ወገኖች በጣና ሰሜን ተገናኙ። ፈራጁ ግን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር።

ነዋሪ በጀርመን፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አፄ ልብነ ድንግል በ1520ዎቹ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ፣ በአውሮፓ ያላችሁ ክርስቲያን ነገሥታት ስለማትስማሙና እርስ በርስ ስለምትዋጉ አዝናለሁ፤ ለእኔ ክርስቲያን ንጉሥ ጎረቤት ቢኖረኝ አልለየውም ነበር ይላል። በእስላም መንግሥታት ተከቦ የሚኖር ሰው የጻፈው ነው። ከዚያ በኋላ ስለመጣው ሁሉ ሳስብ ይህ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል።

ጠያቂው፦

እሺ፣ ጥያቄዬን በሌላ መልክ ልመልሰው። ጋርሲያ ከሆላንዳውያን ጋር ተሰልፎ በመጨረሻ ምን አተረፈ? ሆላንዳውያኑ በ1648 ከሉዋንዳ ተባረሩ፣ ፖርቱጋሎችም ተመለሱ። በ1665 ምብዊላ ላይ የኮንጎው ንጉሥ አንቶኒዮ ተገድሎ ራሱ ተቆረጠ፣ መንግሥቱም ፈረሰ። ብልሃቱ የት ደረሰ?

የታሪክ ማኅደር፦

ጋርሲያ ሰባት ዓመት አተረፈ፤ በእነዚያ ዓመታት ሉዋንዳ ለኮንጎ ስጋት አልነበረችም። የጎረቤቶቹ የንዶንጎና የማታምባ ንግሥት የንጂንጋ መንግሥትም ከእርሱ ጎን ከሆላንዳውያን ጋር ተሰልፎ ፖርቱጋሎችን ወደ ጥቂት ምሽጎች አፍኗቸው ነበር። በነሐሴ 1648 ግን የፖርቱጋሎቹ አዛዥ ሳልቫዶር ደ ሳ ከብራዚል መርከብ ይዞ መጥቶ ሉዋንዳን አስመለሰ። በዚያው ዓመት ስፔንና ሆላንድ ታረቁ። በ1661 ደግሞ ፖርቱጋልና ሆላንድ የሰላም ውል ተፈራረሙ። ምብዊላ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንቶኒዮ የተሸነፈው ዲፕሎማሲው ሞኝነት ስለነበረ አይመስለኝም፤ ሊጠራው የሚችለው የፖርቱጋል ጠላት ስላልቀረ ነው። የአውሮፓውያኑ ጠብ ሲበርድ የአፍሪካው ንጉሥ የሚጫወትበት ሜዳ ጠበበ።

ነገር ግን ፖርቱጋሎች ኮንጎን ዋጡ ማለት አይደለም። ከኮንጎ የተገነጠለችው የባሕር ዳርቻዋ ሶዮ ከሆላንዳውያን ነጋዴዎች ጋር መገበያየቷን አላቋረጠችም፤ ከእነርሱም መሣሪያና ቀላል መድፍ ገዛች። ሶዮም ካቶሊክ ናት፤ ካፑቺኖች ይኖሩባት ነበር። ፖርቱጋሎች በጥቅምት 1670 ሊወጓት ሲዘምቱ ኪቶምቦ ላይ ሠራዊታቸውን ደመሰሰችው። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋል ለረጅም ዘመን ወደ ኮንጎ ጦር ለመስደድ አልደፈረችም።